ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ድራግ ቴስቱ ላውራሽ

የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽልኝ፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ፎቶአቸውን ፌስቡክ ላይ አይቼ ደነገጥኩልሽ፣ ያቺ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ እያለን አዝዬ ሃቫና ጎዳና ላይ ሳዞራት የነበረችው ናት እንዴ ዛሬ ቁመቷ ካንቺ ያለፈው! በጣም ነው የጠፋፋነው በቃ። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወው፣ አንቺም ሩጫ እኔም ሩጫ፣ ይሄ አገር እንደሆነ እንኳን ጓደኛን ራስንም ያስረሳል።

መልእክትሽ ደርሶኝ ባልሽ ሲዲኤል (የትልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) ማውጣቱን ሳነብ እልል ነው ያልኩት፣ ኡበሩ ወገቡን ጨርሶታል ብለሽኝ አልነበር (ትራኩም ለወገብ አይመችም ግን ቢያንስ ይከፍላል)። እና ቴክሳስ ጋርላንድ ላይ ኪራዩን አልቻልነውም፣ እንደናንተ ትንሽ ከተማ ገብተን ቤት ብንገዛስ ብለሽ ስለ ዋጋው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ሐበሻ አለ ወይ እያልሽ ጠይቀሽኛል። ሁሉንም እመልስልሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፣ ለኛም ማንም ያልነገረንን። ድራግ ቴስት፣ ያው የሹፌሮቹ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ የሚሰራበትን ቦታ ሳታገኙ ቤት እንዳትገዙ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው።

ሲድኒ ስልሽ አውስትራሊያ እንዳይመስልሽ፣ የኛዋ ነብራስካ ናት፣ ሰባት ሺህ ሰው እንኳን የማይሞላባት። ካቤላስ የሚባለው የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሻጭ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2017 ላይ ተፎካካሪው ባስ ፕሮ ሲገዛው ብዙ ሰው ስራውን አጣና ቤቱን እየሸጠ ወጣ፣ ዋጋው የወረደው ያኔ ነው። ሃይዌይ 80 በጎኗ ስለሚያልፍ ለትራክ ምቹ ናት፣ ዴንቨርም ቢሆን ለጥምቀትና ለፋሲካ ሄደን እንመለሳለን። ሰው ደግ ነው፣ ብርዱ ግን ንፋሱ ነው የሚገድለው። ሐበሻ የለም፣ እኛ ነን ሐበሻው። እና ትልልቆቹ ላብራቶሪዎች፣ በየሰፈሩ ጋርላንድ ላይ የምታያቸው፣ እንደዚህ ያለ ከተማ ድርሽ አይሉም።

እኛ አሁን ሁለት ትራክ አለን፣ አንዱን እሱ ይነዳል ሌላውን የአጎቱ ልጅ፣ ሎድ (የሚጫን ዕቃ) ፍለጋውም ኢንሹራንሱም ወረቀቱም እኔ ጋ ነው። የፌደራሉ ሕግ ትልቅ ትራክ የሚነዳ ባለ ሲዲኤል ሁሉ ስራ ሲጀምርም፣ ከአንዳንድ አደጋ በኋላም፣ በራንደም፣ ማለት ድንገት በዕጣም፣ እንዲመረመር ያዛል። ራንደሙ ድሮ በዓመት ከሹፌሩ ሩቡን ነበር የሚነካው፣ ከ2020 ወዲህ ግማሽ ሆኗል። እንደኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ኮንሶርቲየም (የብዙ ድርጅት ሹፌሮችን ምርመራ አንድ ላይ የሚያስኬድ) ውስጥ ከፍሎ ይገባና እዛ ኮምፒውተሩ ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ቀላቅሎ ዕጣ ያወጣል። ዕጣው ሲወጣ ኢሜይሉ የሚመጣው ለኔ ነው። እና ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ለገዛ ባሌ መናገር አልችልም! ለሹፌሩ የሚነገረው ቀጥታ መሄድ በሚችልበት ሰዓት ብቻ ነው፣ ከተነገረው በኋላ ደግሞ ልብላና፣ ልተኛና፣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ነው የሚሄደው። እስቲ አስቢው፣ አጠገቤ ተኝቶ "ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው" ሲለኝ ራሴን አሞኝ ነው እያልኩ። ሌላ ነገር የደበቅኩት መስሎት ስልኬን በጎን ማየት ጀምሮ ነበር ሃሃሃ።

የመጀመሪያው ዕጣ የወጣ ጊዜ እሱ ቺካጎ አራግፎ እየተመለሰ ነበር። እኔ ምን አሰብኩ፣ ኮንሶርቲየሙ የቦታ ዝርዝር ልኮልኛል፣ እሱ አርብ ይገባል፣ ሲገባ ነግሬው ይሄዳል በቃ። ደግነቱ ቀደም ብዬ ልደውል አልኩ። የመጀመሪያው ቁጥር አይሰራም። ሁለተኛው አንድ ክሊኒክ ነው፣ አዎ ድራግ ቴስት እንሰራለን አለችኝ ልጅቷ በሚያምር ድምፅ፣ ለዲኦቲ (ለፌደራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ነው ስላት ዝም አለች፣ ከዛ የኛ ወዲያው ውጤት የሚያሳየው ኩባያ ነው አለች። እሱ ለሱፐርማርኬት ስራ ይሆን ይሆናል፣ ለዲኦቲ አይሆንም፣ ሽንቱ በፌደራሉ ፎርም ተሞልቶ መንግስት ወዳጸደቀው ላብራቶሪ መላክ አለበት። ሶስተኛው የወገብ ሐኪም ነው፣ ካይሮፕራክተር፣ የሹፌሮችን የጤና ካርድ ይሞላል፣ ሽንት ግን ተቀብሎ ለድራግ ቴስት አይልክም። አራተኛው ይሰራል፣ ግን የሰለጠነችው ሰራተኛ አንድ ብቻ ናት፣ እሷም ፈቃድ ወጥታለች፣ ሌላ ሰው ደግሞ ስልጠናውን ሳይወስድ መቀበል አይችልም። ከዛ በኋላ ያለው ስኮትስብለፍ ነው፣ ሰማንያ ማይል ገደማ፣ ወይ ሻያን፣ መቶ ማይል። በበረዶ! እና አስቢው እንግዲህ፣ ነግሬው ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ እየቆጠረበት እኔ ስልክ ላይ።

ያዳነን የኛው ሆስፒታል ላብ ነው። እነዚህ ክሪቲካል አክሰስ የሚባሉት የገጠር ሆስፒታሎች ከ25 አልጋ በላይ እንዲኖራቸው አይፈቀድም፣ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ከሌላው ሆስፒታል ራቅ ብለው ስለሚቋቋሙ ሁሉንም ነገር እነሱ ናቸው የሚሰሩት። እዛ ያለችው ሴትዮ እንቀበላለን፣ ግን አካውንትም ፎርምም የላችሁም አለችኝ። ነገሩ ለካ እዚህ ጋ ነው ያለው! ፎርሙ ላይ የምትጠቀሙበት ላብራቶሪና የኩባንያችሁ አካውንት አለበት፣ እሱ ከሌለ ሰውየው ሽንቱን ይዞ ቢመጣም ዋጋ የለውም። አንዳንድ ቦታ በኮምፒውተር ያወጡታል፣ እኛ ጋ ግን ወረቀት ነው። ኮንሶርቲየሙን ለምኜ በኤክስፕረስ አስላክኩ፣ የተረፉትን ፎርሞች እዛው ላብ ውስጥ በስማችን አስቀመጥኩ፣ አሁንም አሉ፣ ሲያልቁ አስጨምራለሁ።

እና አርብ ገባ፣ ትራኩን አቁሞ ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት። ፊቱን ብታዪው። "እኔን? ሲጋራ እንኳን የማላውቀውን?" ዕጣ ነው እኮ ብለው አይገባውም፣ በኛ ሰው ዘንድ ድራግ ቴስት ሲባል ተጠርጥሮ ነው የሚመስለው፣ ላንቺ ባል ከአሁኑ ንገሪው፣ ክብሩን የነካ ማንም የለም።

ከዛ ሄደ፣ እኔም ልጁን ይዤ መኪና ውስጥ ጠበቅኩት። ኪሱን አስራግፈው ቁልፉን ሳንቲሙን፣ ትንሿን የማርያም ስዕል ሳይቀር፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ እጁን አስታጠቡት፣ ሽንት ቤቱ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል፣ ቧንቧው ላይ ቴፕ ተለጥፏል፣ ሰው ውሃ እንዳይቀላቅል ነው። የሚፈለገው 45 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ አንድ ሲኒ ቡና እንኳን አይሞላም፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ይታያል፣ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ካልሆነ በሰው ፊት ድገም ነው የሚባለው። የኛ ሰውዬ እሷን ቀላል ነገር አቃተው! አስራ ምናምን ሰዓት ሹፌር ሆኖ በየእረፍት ቦታው የሚቆም ሰው፣ ሴትዮዋ ከበሩ ውጭ ቆማለች ብሎ አፍሮ ጠብታ የለም። ሕጉ ለዚህም አስቧል፣ 3 ሰዓት ይሰጥሻል፣ እስከ 40 አውንስ ውሃ ትጠጫለሽ፣ አንድ ሊትር ከምናምን ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ በቴክስት "ወጥቼ ትራኩን ከሰው በር ላይ ላንሳውና ልመለስ" አለኝ። ጮህኩ መኪና ውስጥ። ቴስቱ ሳያልቅ ከዛ ግቢ ወጣ ማለት አልመረመርም አለ ማለት ነው፣ አልመረመርም ማለት ደግሞ ከፖዘቲቭ እኩል ነው። ክሊሪንግሃውስ የሚባለው የፌደራል መዝገብ ላይ ይገባል፣ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነው፣ ማንም ቀጣሪ ያየዋል፣ ከ2024 ኖቬምበር ወዲህ ደግሞ ስምሽ እዛ ላይ እገዳ ካለበት ስቴቱ ሲዲኤልሽን ራሱ ያወርደዋል። ለመመለስ ሳፕ የሚሉት የሱስ ጉዳይ ባለሙያ ጋ፣ ትምህርት ወይ ሕክምና፣ እንደገና ቴስት፣ ከዛ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ስድስት ድንገተኛ ቴስት፣ ሁሉም በሰው ዓይን ፊት። ትራኩ ይነሳ ወይ አይነሳ እኔ አነሳዋለሁ ቁጭ በል አልኩት (ትራክ መንዳት የት አውቄ!)። ትራኩ በሩ ላይ የቆመበትን ሰውዬ በኋላ ጎረቤታችን ነው አነጋግሮ ያስታገሰልን።

ወጣለት በመጨረሻ። ሁለት ጠርሙስ ላይ ከፋፍላ በፊቱ አሸገችው፣ ፈረመ፣ አለቀ። በማግስቱ ዋልማርት ውስጥ ያቺው ሴትዮ ከልጇ ጋር ሃይ አለችው፣ ልጇ ከኛ ልጅ ጋር ኳስ ትጫወታለች ለካ፣ እሱ በእንቁላሉ መደርደሪያ በኩል ሊያመልጥ ሲል አየሁት። ትንሽ ከተማ ይሄ ነው፣ ተላመጂው። አሁን እኮ ሲያያት "ዛሬ ውሃ ጠጥቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ይቀልዳል።

ሌላው ነገር ስልኩ ነው። ላብራቶሪው የሆነ ነገር ካገኘ ኤምአርኦ የሚባል ሐኪም ለሹፌሩ በቀጥታ ይደውላል፣ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ማዘዣ አለህ ወይ ብሎ ለመጠየቅ። እኛ ሐበሾች ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሳም! ካልተገኘ ድርጅቱን ይጠይቃሉ፣ ድርጅቱ ነግሮት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልደወለ ፖዘቲቭ ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። ስለዚህ ያን ሰሞን ስልክ አንሳ በይው። ከአገር ቤት የመጣ የሳል ሽሮፕም ሆነ የህመም ማስታገሻ ኮዴን ያለበትን ያለ ሐኪም ወረቀት እንዳይነካ፣ ኮዴን ከሚመረመሩት ውስጥ ነው። ማሪዋና ኮሎራዶ ላይ በሱቅ ይሸጣል፣ እኛ ደግሞ ድንበሩ አፍንጫችን ስር ነው፣ ለዲኦቲ ግን ስቴቱ ፈቀደ አልፈቀደ ለውጥ የለውም። ሲቢዲ (ከዛው ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክረው) ነው እንጂ ማሪዋና አይደለም የሚለውንም ሰበብ አይቀበሉም። የአጎቱን ልጅ ለወገቡ ብሎ የገዛትን ሲቢዲ ከረሜላ ከመኪናው አውጥቼ ነው የጣልኩበት፣ አኩርፎኝ ነበር ያኩርፍ። ጫቱንም እንዲሁ፣ ይሄ ባህል ነው አይባልም እዚህ አገር፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ነው የተጻፈው፣ እዚህ በር ላይ አይደርስም ብያለሁ።

አሁንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አደጋው ነው፣ እግዜር አይበለውና። ሰው የሞተበት ከሆነ፣ ወይም ሹፌሩ ላይ ፖሊስ ቅጣት ጽፎበት ሰው ለሕክምና ከተወሰደ ወይ መኪና በጎታች ከተነሳ፣ የአልኮል ምርመራው በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ ካለፈ ለምን እንዳለፈ ትጽፊያለሽ፣ 8 ሰዓት ካለፈ ይቀራል፣ የድራጉ እስከ 32 ሰዓት ነው። እስቲ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዋዮሚንግ በረሃ ላይ ማን ትንፋሽ ይለካልሻል? ሽንት የሚቀበሉት ብዙዎቹ የትንፋሽ ማሽኑ የላቸውም፣ ወይ ማሽኑ አለ ሰዉ የለም። እኔ የምንመላለስበትን መንገድ ተከትዬ ሌሊት የሚሰራውን ሆስፒታል፣ ተንቀሳቅሰው የሚመጡትን መርማሪዎች (በማይልም በሌሊትም ያስከፍላሉ፣ ይክፈሉ) ጽፌ በየትራኩ ፀሐይ መከላከያ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። ፖሊስ በሕጉ መሰረት የሰራውም ቴስት ውጤቱ ለድርጅቱ ከደረሰ ይቆጠራል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

እና ስትደውዪ ድራግ ቴስት ትሰራላችሁ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ። የፌደራል ዲኦቲ ሽንት ትቀበላላችሁ? የየትኛው ላብራቶሪ ፎርም አላችሁ? ስንት ሰው ነው የሰለጠነው፣ እሷ ፈቃድ ስትወጣ ማን አለ? አርብ እስከ ስንት ሰዓት? ትንፋሽስ? እንዲህ ብለሽ ጨቅጭቂያቸው፣ አንቺ ደግሞ መጨቃጨቅ ያውቅብሻል። ባልሽ በሰው ኩባንያ ስር የሚጀምር ከሆነ ብዙውን እነሱ ይጨርሱታል፣ የራሴን ትራክ ካለ ግን ኮንሶርቲየም ግዴታው ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ራሱን ዕጣ ማውጣት አይችልማ።

ያየሽው ከተማ የትኛው እንደሆነ አልነገርሽኝም። ስሙን ላኪልኝና እኔ ራሴ ልደውልላቸው፣ አሁን እኮ ድምፃቸውን ሰምቼ ነው የምለያቸው። ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ቤቱ ግብር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በስልክ እናውራ፣ የኛን ሰዓት ታውቂያለሽ፣ ካንቺ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነን። በርበሬ ጋርላንድ ረክሷል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ከሆነ አምስት ኪሎ ግዢልኝ፣ እሱ ዳላስ ሎድ ሲያገኝ በር ላይ መጥቶ ይወስዳል።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባልሽንም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ።

እህትሽ ከሲድኒ