ሦስት ገጹን ወደ አንድ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ጦሳ ዛሬም ጉም ለብሶ ነው ያደረው፤ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ።

መጽሐፍሽን ለአሳታሚ እንዲሸጡልሽ ለአሜሪካ ኤጀንቶች ልትልኪው ያልሽውን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ገጽ! የጨረስሽው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የደረሰው፣ ሌላው ሁሉ ገና ስላልጻፍሻቸው አራቱ ተከታይ መጻሕፍት ነው፣ ማን እንደሚነግሥ፣ ማን እንደሚከዳ፣ አምስተኛው ላይ ማን እንደሚሞት ሳይቀር። እኔ አባትሽ እንኳ ደከመኝ።

መናኸሪያ ያለውን ረዳት አስቢው። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ነው የሚለው። የሀረጎን ጠመዝማዛ አይቆጥርልሽም፣ ከዚያ ወዲያ ከሚሴ እንዳለም አይሰብክም። ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ደርሷል፤ መቀጠል ካማረው ሌላ መኪና ይይዛል።

የኤጀንቶቹን መመሪያ እኔም ከፍቼ አየሁት። አንድ ገጽ፣ 300 ቃል ገደማ። ባለታሪኳ ልጅ ማን ናት፣ ምን ፈለገች፣ ማን ከለከላት፣ ካልተሳካላት ምን ታጣለች። መጨረሻውን እዚህ አትንገሪ፣ ለብቻው የምትልኪው ማጠቃለያ ላይ ይገባል። ስለ ተከታታዩ «ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ሊቀጥልም ይችላል» ካልሽ በቃ። የመጽሐፉ 180 ሺህ ቃል ደግሞ ለጀማሪ ይበዛል፤ ወደ 100 ሺህ አውርጂው። ሁለተኛውንም አሁን አትጀምሪ፣ አንደኛው ካልተሸጠ ማን ይገዛዋል?

ከየት አመጣኸው ትይኝ ይሆናል። አልጋ ስር ያለውን ካርቶን ታስታውሻለሽ? በእኔ ጊዜ ኤጀንት የሚባል ስላልነበረ በራሴ ብር አሳተምኩና ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ክፍል አንድ» አስባልኩ። አከፋፋዩ ወስዶ ግማሹን መለሰልኝ። ሰዉ ደግሞ «ክፍል ሁለት ሲወጣ አንድ ላይ እገዛዋለሁ» ይለኛል። በምን ብር ላውጣው? አሁን እናትሽ ካርቶኑን የጀበና ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

«ለማንበቢያ ክፈይ» የሚልሽ ካለ ሽሺ። ደህናው ኤጀንት የሚያገኘው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ። ለሁሉም በአንድ ቀን አትበትኚው፤ ለአምስት ስድስቱ ላኪና ጠብቂ፣ ካልሆነ አስተካክለሽ ለሌሎቹ። ብዙዎቹ ካልፈለጉ መልስም አይጽፉም፣ አብሽሪ።

የታረመውን እስከ እሁድ ላኪልኝ። ከአንድ ገጽ ካለፈ አላነበውም።

አባትሽ