የሃይሉክሱ ጋቢና

ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ሶማሌ ተራ ለሃይሉክሳችን ሙሉ ጋቢና ተገኝቷል፣ ልግዛው?» ላልሽው፣ ቀብድ ሳትከፍዪ ይህን አንብቢ።

መጀመሪያ ዝገቱ የእኛውን ጋቢና የት የት እንደበላው ልንገርሽ። በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ወለል እጅ ያሾልካል። የሁለቱም በር ደፍ ውስጡ አልቋል፣ የግራው የኋላ ማዕዘንም እንዲሁ። የበሩ ማጠፊያ የታሰረበት የፊት ምሰሶ ግን በካቻቢቴ ቢወጋ አይበሳም፤ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚቆምባቸው እግሮችም ከአንዱ በቀር ደህና ናቸው። ነገሩን የሚለየው ይኼ ነው። ወለል፣ ደፍና ማዕዘን ተቆርጦ ይተካል፤ አንድ ሁለቴ የታጠፈ ላሜራ ስለሆነ ደህና ባትላሜራ አያቅተውም። ምሰሶው፣ የመስታወቱ ክፈፍና እግሮቹ አብረው ከበሰበሱ ግን ልኩን የሚይዝ ምንም አይቀርም፤ ሌላ ጋቢና መፈለግ የሚያዋጣው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እኔ መጠገኑን እመርጣለሁ። የሶማሌ ተራው ከእኛው መሻሉን ካረጋገጥሽ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ።

የሶማሌ ተራውን ለማረጋገጥ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ፈልጊና ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልዪው። በደፉ፣ በኋላ ማዕዘኖቹና በፊት መስታወቱ የታች ጥጎች ላይ ቀስ እያልሽ ጎትቺው። ላሜራ ላይ እየተጣበቀ ይሄዳል፤ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ልጥፍ) ላይ ሲደርስ እጅሽ ውስጥ ይላላል፣ ስቱኮው ከወፈረ ጭራሽ ይወድቃል። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጠሽ ወለሉን ከላይም ከሥርም እዪ። ከዚያ ሜትር ያዢና የፊት መስታወቱን ክፍት ሁለቱን ሰያፍ ለኪ፤ የግራውን በር ክፍት ሰያፍም ከቀኙ ጋር አመሳክሪ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ የተገለበጠ ወይም የተጋጨ ነው፣ ትተሽው ሂጂ።

የእኛው ቶዮታ ከ1983 እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቅርጽ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ነው፤ «ትንሽ ተስተካክሎ ይገባል» ቢሉሽ አትስሚ። መሪው በግራ ይሁን፤ የቀኝ መሪ ጋቢና የመሪውም የፔዳሉም ቀዳዳ በተቃራኒው ወገን ነው። ፎር ዊል ስለሆነም ወለሉ ላይ ፎር ዊሉን የምታስገባዋ የሁለተኛዋ ማርሽ እጀታ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ጋቢና ቢቀየርም እሱ ይቆያል። ሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችው ሰሌዳ ግን የሌላ መኪና ቁጥር ይዛ ትመጣለች፤ ስለዚህ ያለ ደረሰኝ እንዳትገዢ።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ትልቁ ስሕተት ደፉን ሳይደግፉ መቁረጥ ነው። ደፉ ሲወጣ ጋቢናው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አዲሱ ከተበየደ በኋላ በሩ አይዘጋም፣ ያን መመለስ ደግሞ ከዝገቱ ይብሳል። በሮቹ ተዘግተው ክፍተታቸው እኩል መሆኑ ከታየ በኋላ፣ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ፣ ከግራ ወደ ቀኝም፣ በ25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ይታሰር። መቁረጥ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም አንዱ ወገን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ ከነዳጅ ቱቦ አጠገብ የሚበየድ ከሆነም ቱቦው ይነሳ። ዝገቱ ነጭ ብረት እስኪታይ ይቆረጥ፤ ቀጭኑን ዳር ትቶ የሚበይድ ሰው ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሚጣፈው ብረት 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በሪቬት መትቶ በስቱኮ መሸፈን ለሻጭ እንጂ ለባለቤት አይሆንም። ብየዳው በኤሌክትሮድ ከሆነ ላሜራውን ይበሳዋል፤ ሚግ (ሽቦ እየለቀቀ የሚበይደው) ይሻላል፣ ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ። በየ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ እየተጠበቀ። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ወለል እንደ ምጣድ ክዳን ያብጣል።

ጣና ጨው የለውም፤ መኪናውን የበላው ሐይቁ አይደለም። የፎገራ ዋልካ ጭቃ ነው፣ ደፉ ውስጥ ገብቶ የውኃ መውጫውን ደፈነው። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ጉድጓድ ደግሞ የዋርካ ቅጠል ሞላው። የዋርካ ጥላ ለሰው እንጂ ለመኪና አልተፈጠረም። ስለዚህ በአዲሱ ደፍ የታችኛ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ያህል መውጫ ይቀመጥ፣ ቀለም ቀቢው እንዳይደፍነውም ይነገረው።

መጋጠሚያዎቹ በቦዲ ሲላንት (የመኪና አካል ማሸጊያ ሙጫ) ይደፈኑ። እንደ አቼቶ የሚሸተውን ሲሊኮን እንዳታመጪ፤ ብረት ያዝጋል፣ ቀለምም አይዝበትም። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣልና ከሥሩ ኢፖክሲ ፕራይመር (ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ የመጀመሪያ ቀለም) ይቅደም፣ የስቱኮውም ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። የተፋቀ ብረት እዚህ በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ በዝገት ይቀላል፤ የተፋቀው በዚያው ቀን ፕራይመር ይቀባ። ብየዳው ጣራ ሥር በሐምሌም ይሆናል። የላዩ ቀለም ግን ከመስቀል በኋላ ነው፣ እርጥበት ላይ ሲቀባ ይነጣል።

የበሰበሰውን እግር ለመሥራት ጋቢናው ሙሉ በሙሉ መነሳት አያስፈልገውም። ብሎኖቹ ይፈቱና በዚያ ወገን በክሪክና በጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ በላይ ከተነሳ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦዎች ይወጠራሉ፣ የመሪው ዘንግም ይጨነቃል።

ከአዲስ አበባ የምትልኪልኝ ኢፖክሲ ፕራይመር ከነማጠንከሪያው፣ ሁለት ቱቦ ሲላንት፣ የፊት መስታወት ጎሚኒና የእግሮቹን ጎሚኒዎች ነው። የእግሮቹ የላይኛውና የታችኛው አንድ አይደሉም፤ ባለሱቁ አንድ ናቸው ቢልሽም አትቀበዪ። ከሁለቱም አንዳንድ አሮጌ ናሙና ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እልክልሻለሁ፣ ይዘሽ ሂጂ።

አባትሽ
ባሕር ዳር