የፖሊስ ሽጉጥ ሲገዛ የሥልጠና ጥይቱም አብሮ ይገዛ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለሕግ አስከባሪዎች የሚገዛው የአገልግሎት ሽጉጥ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ አንዱ የየትኛው አገር ሥሪት ይሻላል የሚለው ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ አንዱ ሽጉጥ ስንት ብር ያወጣል የሚለው ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን በፖሊስ ንብረት ክፍል፣ በተለይም በመሣሪያ ግምጃ ቤት አሳልፌ አሁን በጡረታ ደብረ ማርቆስ የምኖር ሰው ነኝ። ከሥራዬ እንደተማርሁት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሽጉጡን የሚታጠቀው ፖሊስ በዓመት ስንት ጥይት ዒላማ ላይ ይተኩሳል የሚለው ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል መሥሪያ ቤቶች ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆንባቸው ለግዥ በሚጣደፉበት በዚህ ወቅት ደብዳቤውን መጻፌም የጦር መሣሪያ ግዥ በሰኔ ጥድፊያ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ የሚፈጸም ነገር እንዳይሆን ስለምሰጋ ነው።

ለመደበኛ ፖሊስ ሽጉጥ መግዛቱን እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። በከተሞቻችን ገበያውንም፣ ባንኩንም፣ ፍርድ ቤቱንም የሚጠብቀው ፖሊስ በአብዛኛው ክላሽ ያነገተ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በፖሊስ እጅ ያለው የአሮጌው የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት ደግሞ 315 ሜትር ገደማ ነው። በጎጃም ከተሞች ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ መሆኑን፣ በገበያ ቀንም ሰው ከሰው ጋር ተጋፍቶ እንደሚተላለፍ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ልዩነት ትርጉም ሩቅ አይደለም፤ ወንጀለኛውን የሳተው የክላሽ ጥይት የጭቃውን ግድግዳ አልፎ እቤቷ የተቀመጠችን እናት ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ጠመንጃ ያነገተ ፖሊስ ተጠርጣሪ ይዞ ካቴና ሲያስገባ ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል፤ ጠመንጃው ግን ከትከሻው እየተንሸራተተ ለተያዘው ሰው እጅ ይቀርባል። ቀበቶው ላይ በአግባቡ የታሰረ ሽጉጥ ይህን አደጋ ይቀንሳል።

በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ ወደ መከላከያ ሠራዊት፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ሲወሰን መደበኛው ፖሊስ ከጠመንጃ ጋር የኖሩ ሰዎችን ተቀብሏል። በእነርሱ ላይ አንዳች ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን በጠመንጃ ጥሩ ተኳሽ የሆነ ሰው በሽጉጥም ጥሩ ተኳሽ ነው ማለት አይደለም። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚተኮስ ሲሆን፣ ሽጉጥ ግን በእጅ ብቻ ተይዞ የሚተኮስ፣ አፈሙዙም አጭር የሆነ መሣሪያ ነው፤ ቃታው ሲሳብ የእጅ አንጓ ጥቂት ቢንቀሳቀስ በ20 ሜትር ርቀት ጥይቱ ከታሰበው ሰው አልፎ አጠገቡ የቆመውን ያገኛል። ስለዚህ ሽጉጥ ከጠመንጃ ይልቅ የበለጠ ልምምድ የሚጠይቅ መሣሪያ መሆኑን ግዥውን የሚወስኑ ሰዎች ሊያውቁት ይገባል።

ግዥ ሲባል ስፔስፊኬሽኑ በጥንቃቄ ካልተጻፈ ምን እንደሚደርስ በዓይኔ ያየሁትን ልጥቀስ። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመጣ የግዥ መጠየቂያ ላይ «ባለ 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ነበር። ጥይቱ ተገዝቶ በሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ እንዲሆን ሲቀርብልኝ ከየሣጥኑ ጥቂት ጥቂት እያወጣሁ በግምጃ ቤቱ ካለው የማካሮቭ ካዝና፣ ማለትም ሽጉጡ ውስጥ ከሚገባው የጥይት መያዣ ጋር አስተያየሁት። ጥይቱ ረዝሞ ካዝናው ውስጥ እንኳ አልገባም። የማካሮቭ ጥይት ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዛሬው ጊዜ ብዙው የዓለም ፖሊስ የሚጠቀምበት ሌላው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ግን ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነእርሳሱ ሲለካ የመጀመሪያው 25 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 30 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ሁለቱም በስም «ባለ 9» ናቸው፤ አንዱ ግን በሌላው ቦታ አይሠራም። ጥይቱን ገቢ አላደርግም አልሁ፤ ክርክሩም ወራት ወሰደ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፖሊሶቹ አሮጌውን ጥይት በጥቂት በጥቂቱ እየተካፈሉ ለጥበቃ ይወጡ ነበር። አዲስ ሽጉጥ ሲገዛ ማካሮቩ በአንድ ቀን ከአገልግሎት አይወጣም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥይቶች ለዓመታት በአንድ ግምጃ ቤት ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይቀርም። ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት በአስቸጋሪ ሰዓት ተረኛው ግምጃ ቤት ጠባቂ የማይገባ ጥይት ቆጥሮ የሚሰጥበት ቀን ይመጣል።

የሌላውን አገር ልምድ ስንመለከት ደግሞ ሀብታሞቹ እንኳ በሽጉጥ ምርጫ ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ እንዳባከኑ እናያለን። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በማያሚ ከባንክ ዘራፊዎች ጋር ባደረገው ተኩስ ሁለት ባልደረቦቹ ተገድለው አምስት ቆስለዋል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በአብዛኛው የተጣለው በ9 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ላይ ነበር፤ ቢሮው መጀመሪያ ወደ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ወጣው ባለ ፖይንት 40 (0.40 ኢንች) ጥይት ዞረ፤ ሌሎች ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉት። ከዓመታት በኋላ ግን ዘመናዊው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በቂ መሆኑንና ብዙዎቹ ፖሊሶች በእርሱ ፈጥነውና አነጣጥረው እንደሚተኩሱ አምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 85 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል ወደዚያው ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ሦስት አሥርት ዓመታት የፈጀው ይህ ዙር የሚያሳየው ትልቅ ጥይት የተኳሹን ችሎታ ሊተካ አለመቻሉን ነው።

የዚያው አገር የምድር ጦር ደግሞ አዲስ ሽጉጥ ለመግዛት ያወጣው የጨረታ ሰነድ ከ350 ገጽ በላይ ስለነበረ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ራሱ በአደባባይ ተማርሮበታል፤ ውሉም እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ገንዘብ ተፈረመ። በዚያው ዓመት ግን የዚሁ ሽጉጥ ቤተሰብ የሆነው ለሲቪልና ለፖሊስ የሚሸጠው ዓይነት ከእጅ ወድቆ መሬት ሲመታ ሊተኩስ እንደሚችል ታውቆ፣ አምራቹ ሽጉጦቹን እየተቀበለ በነጻ ማሻሻል ጀምሯል። እኛ የ350 ገጽ ሰነድ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ከየሣጥኑ ጥቂት ሽጉጦች ተመርጠው፣ ባሩድና እርሳስ የሌለው ቀለህ ከነመለኮሻው ብቻ ገብቶባቸው፣ በተለያየ አቅጣጫ ወደ ሲሚንቶ እየተጣሉ የሚፈተኑበት፣ አቧራና ጭቃ ነክቷቸውም የሚተኮሱበት የርክክብ ፈተና ነው። ፖሊሶቻችን በባጃጅና በጭነት መኪና ላይ እየተንገጫገጩ፣ በክረምት ጭቃ እየተንሸራተቱ የሚሠሩ ሰዎች ናቸውና ይህን ፈተና ሳያልፍ አንድም ሽጉጥ ገቢ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ፖሊሶች ከሚተኩስባቸው ሰው ጋር ሲታኮሱ ከተኮሱት ጥይት ዒላማውን ያገኘው በአማካይ 18 ከመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። እነዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ በተኩስ የሚፈተኑ ፖሊሶች ናቸው። ከአምስት ጥይት አራቱ ሌላ ቦታ ያረፈው በእነርሱ እጅ ከሆነ፣ ሽጉጡን ተረክቦ ከምርቃቱ ቀን ወዲህ አንድም ጥይት ያልተኮሰ ፖሊስ በሕዝብ መካከል ቃታ ሲስብ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና ያጸደቃቸው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎችም የጦር መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው ልዩ ሥልጠናውን ላጠናቀቀ ሕግ አስከባሪ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋሉ፤ ከመሣሪያው ጎን ለጎንም እንደ ጋሻና የራስ ቁር ያሉ መከላከያዎች እንዲቀርቡለት ይጠይቃሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ክልል 1,000 ሽጉጥ ሊገዛ ቢያስብና እያንዳንዱ ፖሊስ በዓመት 200 ጥይት ለልምምድ እንዲተኩስ ቢደረግ 200,000 ጥይት ያስፈልጋል። በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪ ስለሆነ በግዥው ጊዜ ሊረሳ፣ አልያም «ሲገኝ ይገዛል» ተብሎ ሊታለፍ የሚቀልለው ይህ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ገንዘቡ ካልበቃ ሽጉጡ ይቀነስ እንጂ የልምምድ ጥይቱ አይቀነስ። አንድ ሺህ ያልሠለጠኑ ሰዎች አዲስ ሽጉጥ ከሚታጠቁ ስድስት መቶ የሠለጠኑ ቢታጠቁ ለሕዝቡም ለፖሊሱም ደኅንነት ይበጃል፤ የቀሩት ደግሞ ተራቸው እስኪደርስ በቆመጥና በመከላከያ ጋሻ ሊሠሩ ይችላሉ። ጥይት በሌለበት ጊዜም ቢሆን ባዶ ሽጉጥ ይዞ፣ አለቃ ባዶነቱን ሁለት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ፣ በየጠዋቱ ቃታ የመሳብና የማነጣጠር ልምምድ ማድረግ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ስለሆነ በየጣቢያው ሊጀመር ይገባዋል።

ቀሪዎቹን አብረው መገዛት ያለባቸውን ነገሮች በአጭሩ ልጥቀስ፦ ሲሮጡ የማይጥለው ጠንካራ መያዣና ቀበቶ፣ ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ትርፍ ካዝና፣ ማጽጃ ዘንግና ዘይት፣ መለዋወጫ ሞላ፣ በየጣቢያውም ከግድግዳ ጋር የሚታሰር ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥን። የመጨረሻው በተለይ ቸል ሊባል አይገባም፤ ፖሊሱ ሽጉጡን እቤቱ ወስዶ ከትራሱ ሥር አድርጎ የሚያድርበት ልማድ በልጆች እጅ ላይ የሚያመጣውን አደጋ ሁላችንም እናውቃለን።

ሽጉጥ ከግምጃ ቤት ወጥቶ እስኪመለስ ያለው ሰነድም ከግዥው ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። በሞዴል 20 ተጠይቆ በሞዴል 22 ወጪ የሆነ እያንዳንዱ ሽጉጥ ከነመለያ ቁጥሩ፣ የተሰጠው ጥይት ከነቆጠራው፣ የተረከበው ሰው ከነፊርማው መመዝገብ አለበት፤ የተተኮሰው ጥይትም ቀለሁ ተመልሶ ሊቆጠር ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዜጋው በእጁ ያለውን የጦር መሣሪያ እንዲያስመዘግብና ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ ከገበሬው ይህን የሚጠይቅ መንግሥት ከራሱ ግምጃ ቤት ደግሞ የበለጠ ሊጠይቅ ይገባል። በኮንትሮባንድ የሚገባው የቱርክ ሽጉጥ ገበያውን ባጥለቀለቀበት ዘመን ከፖሊስ ግምጃ ቤት የጠፋች አንዲት ሽጉጥ ገዥ አታጣም። በአሜሪካ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ሽጉጣቸውን ለነጋዴ እየሰጡ በአዲስ የሚለውጡበት ልማድ አለ፤ ከፖሊስ እጅ ወጥተው እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በወንጀል ሥፍራ የተገኙ መሣሪያዎች ከ52 ሺህ በላይ መሆናቸውን የጋዜጠኞች ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2024 አጋልጧል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እኛም አዲሱን ስንገዛ አሮጌው ማካሮቭ የት እንደሚደርስ፣ ማን ፊት እንደሚሰበርና በየትኛው ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ በዚያው የግዥ ሰነድ ላይ ልንጽፈው ይገባል።

በመጨረሻ የምስጢር ጉዳይ አለ። የጦር መሣሪያ ግዥ ነውና አይነገርም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። የቀድሞው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለአገር መከላከያና ደኅንነት ሲባል የተለየ የግዥ ሥርዓት ሊፈቀድ እንደሚችል ይደነግግ ነበር፤ ሐሳቡንም አልቃወምም። የትኛው ጣቢያ ስንት ሽጉጥ እንዳለው፣ ግምጃ ቤቱ የት እንደሆነና ማን እንደሚጠብቀው ለአደባባይ የሚወጣ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጠቅላላ ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ሻጩ በምን መመዘኛ እንደተመረጠ፣ የሥልጠና ጥይት በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩ፣ በዓመቱም ስንት ሽጉጥ እንደጠፋ ቢነገር የሚጠቀምበት ጠላት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት የደረሰውን መከራ ያየ ሕዝብ ደግሞ መሣሪያ በማን እጅ፣ በምን ሥልጠና እንደገባ መጠየቁ ከድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት፣ እህሉን ወደ ገበያ የሚልከው በእነዚሁ ፖሊሶች ፊት ነውና።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ ለክልሉ ፖሊስና ለሚመለከታቸው የግዥ አካላት እንዲያቀርብልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፦ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ለፖሊስ መሣሪያ ከሚያዘው ገንዘብ ለልምምድ ጥይትና ለተኩስ አሠልጣኝ የተመደበው ስንት ነው? ምላሹን በዚሁ ገጽ ላይ ለማንበብ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ የፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
ደብረ ማርቆስ