ኤፌሶን በመርከብ አይገባም

ኢዝሚር፣ ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፦

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የእናታችን ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማኅበራችሁ እዚህ ቱርክ መጥቶ የሐዋርያውን የጳውሎስን መንገድ በባሕርም በየብስም ለመከተል ማሰቡ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የላክሽልኝ ዝርዝር ግን እንዳለ ቢያዝ ሰው ይደክማል፣ ገንዘብም ይባክናል። ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት፣ ፍጥሞን፣ ሚሊጢንን፣ ሙራን በ10 ቀን፣ ያውም በመርከብ ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ በስብሰባችሁ ላይ እንድታነቢላቸው ዘርዘር አድርጌ ጽፌልሻለሁ።

ሁሉም መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው፣ ኤፌሶን ዛሬ በመርከብ አይገባም። በጳውሎስ ዘመን ኤፌሶንም ሚሊጢንም ወደቦች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወንዞቹ ዘመን ከዘመን ደለል እያመጡ ወደቦቹን ደፈኗቸው፤ ባሕሩ ከሁለቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። በኤፌሶን ከትልቁ ቲያትር ወደ ወደቡ የሚወስደው ሰፊ የእምነ በረድ መንገድ እስካሁን አለ፤ መጨረሻው ግን ረግረግ ነው። የጳጥራ ወደብም እንዲሁ አሸዋ በልቶታል። እንግዲህ ጉዞው ለሁለት ይከፈል፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በአውቶቡስ፣ ከዚያ 4 ሌሊት በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ካለችው ፌትሂዬ እስከ ደምሬ (የጥንቷ ሙራ) በመርከብ። የቀሩትን ቀናት ለአውሮፕላን፣ ለዕረፍትና ለነፋስ ተዉአቸው። ለነፋስ የምላችሁ ከልቤ ነው፤ አንድ ባዶ ቀን የሌለው የባሕር ጉዞ የተሟላ ዕቅድ አይደለም።

ስለ ወቅቱ። እናንተ ነሐሴን መርጣችኋል፤ እኔ ግን አልመክርም። በዚህ ባሕር ላይ፣ እዚህ በጋ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ መልተም የሚባል ነፋስ አለ። ጧት ጸጥ ይልና ከእኩለ ቀን ጀምሮ እስከ ምሽት ይነፍሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጣም ይበረታል። በፍርስራሾቹ መካከል ደግሞ ጥላ የለም፣ ሙቀቱ ጭንቅላት ይመታል። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ በባዶ ሆድ ማዕበል ላይ መዋል ለማንም አይሆንም። የሚሻለው መስቀልን አገር ቤት አክብራችሁ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 5 ባለው ጊዜ ነው። ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ይዟል፣ መልተሙ ደክሟል፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የአዋጅ ጾም የለም። ከዚያ ማለፍ ግን አይገባም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የአይሁድ የጾም ወራት ካለፈ በኋላ መርከብ መንዳት አደገኛ እንደሆነ የሚናገረው ይህንኑ የመከር ወቅት ነው። ዛሬም ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ የደቡብ ነፋስ ይነሣል፣ መርከቦቹም አንድ በአንድ ወደ ክረምት ማረፊያቸው ይገባሉ። ሁለተኛው ምርጫ በዓለ ሃምሳ ነው። ያኔ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምግብ ይቀላል፣ ፍርስራሹም በአበባ ይሸፈናል። ውኃው ለዋና ይቀዘቅዛል፤ እናንተ ግን የምትመጡት ለዋና አይደለም።

አቅጣጫውም በነፋሱ ነው የሚወሰነው። ከፌትሂዬ ተነሥቶ ወደ ደምሬ የሚሄድ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል፣ መርከቡም ብዙ አይናወጥም። የተገላቢጦሹ ማዕበሉን ፊት ለፊት መግጠም ነው። ጳውሎስ ከቆስ በሩድ አድርጎ ጳጥራ የደረሰው ያለ ችግር ነበር፤ በኋላ እስረኛ ሆኖ ከሙራ ወደ ምዕራብ ሲወሰድ ግን ብዙ ቀን አዝግመው በጭንቅ ነው ቀኒዶስ አንጻር የደረሱት። ባሕሩ ያው ነው፤ የተለየው የጉዞው አቅጣጫ ነው። የጉዞ ወኪሉ ከደምሬ የሚነሣ ጉዞ በርካሽ ቢያቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

አሁን ስለ የብሱ። ከኢስታንቡል በአገር ውስጥ በረራ እኔ ወዳለሁበት ኢዝሚር ትመጣላችሁ፤ በራእይ የተጠቀሰችው ሰምርኔስ ይህች ናት። ከዚህ በኤፌሶን አጠገብ ወዳለችው ሰልቹክ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ እዚያ ሁለት ሌሊት እደሩ። በደረሳችሁበት ቀን ማታ ማታ ወደ አያሱሉክ ኮረብታ ውጡ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በቅዱስ ዮሐንስ መቃብር ላይ ያሠራው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ እዚያ ነው። አብዛኛው ቡድን ወደ ኤፌሶን ብቻ ስለሚሮጥ ቦታው ጸጥ ያለ ነው።

በማግሥቱ ኤፌሶን በር ሲከፈት ድረሱ። በላይኛው በር ግቡና በታችኛው ውጡ፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ የእናታችንን ጉልበት ያግዛል። እምነ በረዱ በሰው እግር ተወልውሎ ስለሚያዳልጥ ሁሉም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ያድርግ። ድሜጥሮስ ብር ሠሪው በጳውሎስ ላይ ያስነሣው ሕዝብ የተሰበሰበበትን፣ 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ የነበረውን ቲያትር ሁሉም ያያል። ከታችኛው በር አጠገብ ወደ ጎን ገባ ያለውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግን ብዙ ቡድን ሳያየው ያልፋል። በ431 ዓ.ም. የተደረገው ሦስተኛው ጉባኤ የተሰበሰበበት ተብሎ የሚታወቀው ይህ ቦታ ነው። ሦስቱን ጉባኤያት ለምትቀበል ቤተ ክርስቲያናችን በጣም የቀረበ ቦታ ነው። ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ወደ ሱቆቹ ነው የሚወስዳችሁ። በተራራው ላይ ያለው የእመቤታችን ቤት የሚባለው የካቶሊኮች መሳለሚያ ነው፤ በእኛ ትውፊት መቃብሯ ጌቴሴማኒ እንደሆነ ታውቃላችሁና ጊዜ ካነሰ እርሱን ዝለሉት።

በሦስተኛው ቀን በማለዳ ወደ ሚሊጢን። አውቶቡሱ ውስጥ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ከቁጥር 17 ጀምሮ አንብቡ፤ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች አስጠርቶ አልቅሰው የተሰናበቱት እዚያ ነው። ከዚያ እስከ ፌትሂዬ 4 ሰዓት ገደማ ይነዳል። ማታ ትደርሳላችሁ፤ ያን ዕለት መርከብ ላይ አትውጡ፣ ሆቴል እደሩ።

መርከቡ ጉሌት ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምሰሶ ያለው የእንጨት መርከብ ነው። ሸራ ቢኖረውም አብዛኛውን መንገድ በሞተር ነው የሚሄደው፤ ሸራ የሚዘረጋው ካፒቴኑ ነፋሱ ተስማሚ ነው ሲል ብቻ ስለሆነ ማንም እንዳይከፋ። ለ16 ሰው 8 ክፍል ያለው ሙሉ መርከብ ተከራዩ። በክፍል ከተከራያችሁ ከማታውቁት ሰው፣ ከሙዚቃና ከመጠጥ ጋር ነው የምትጓዙት፤ ለጸሎትም ለመዝሙርም አይመችም። አብዛኛው ክፍል አንድ ሰፊ አልጋ ብቻ ያለው መሆኑን ልብ በሉ። ስንት ክፍል ሁለት ነጠላ አልጋ እንዳለው ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ አልጋ ይመደባሉ።

ውሉ ላይ የሚከተሉት ተለይተው ይጻፉ፦ ዋጋው በቀን የስንት ሰዓት የሞተር ነዳጅ እንደሚያጠቃልል (ብዙ ጊዜ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ያስከፍላል)፣ የወደብ ክፍያ፣ ምግብና የመጠጥ ውኃ፣ መርከቡ ከደምሬ ባዶውን የሚመለስበት ክፍያ፣ መርከቡ እንዲይዝ የተፈቀደለት የሰው ብዛት፣ የወደቡ ባለሥልጣን በነፋስ ምክንያት መውጣትን ቢከለክል ገንዘቡ ምን እንደሚሆን። የመጨረሻው ላይ ነው ጠብ የሚነሣው። ካፒቴኑ ዛሬ አንወጣም ካለ ግን አትከራከሩት።

መርከብ ላይ ጫማ አይደረግም፤ ሲገቡ በቅርጫት ይሰበሰባል። ሻንጣ ጠንካራ አይሁን፣ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጫ የለም፤ የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል። ሽንት ቤት ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው ቢሳሳት የሁሉም ይደፈናል። ንጹሕ ውኃ የሚመጣው ከታንከር ነው፤ ገላ ሲታጠቡ ሳሙና እየተቀባ ውኃው ይዘጋ። ሲጓዙ የክፍል መስኮት ክፍት ከተተወ ማዕበሉ አልጋ ያረጥባል። ነጠላ የሚለብሱ እኅቶች ጫፉን ወገባቸው ላይ ይሰሩት፤ በገመድና በመልሕቅ ሰንሰለት አጠገብ የሚንጠለጠል ልብስ አደጋ ነው። ወደ መኝታ ክፍል የሚያወርደው ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለእናታችን ከደረጃው አጠገብ ያለውን ክፍል ያዙላት።

መርከቡ ብዙ ቦታ መልሕቁን ጥሎ ኋላውን በገመድ ከዳር ዛፍ ወይም ቋጥኝ ጋር ያስራል፤ ወደ የብስ የምትሄዱት በትንሿ የሞተር ጀልባ ነው። ስትሳፈሩ ዘላችሁ አትግቡ። የመርከበኛውን ክንድ ከአንጓው በላይ ይዛችሁ መካከሏ ላይ እርገጡና ወዲያው ተቀመጡ። መዋኘት የማይችል ሁሉ በጀልባዋ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ።

ለማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚዋጠው ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሐኪማቸው ጋር ይማከሩ። ሲያቅለሸልሽ ወደ ክፍል መውረድ ያባብሳል፤ ላይ መካከሉ ላይ ተቀምጦ ርቆ የሚታየውን ዳር ማየት ይሻላል። ዳቦ ቆሎ ብዙ ያዙ፣ ከየትኛውም ብስኩት ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ ቱርኮች በወይራ ዘይት ሠርተው ቀዝቀዝ አድርገው የሚያቀርቡት አትክልት የጾም ነው፦ ፎሶሊያ፣ ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ሳታውቁ የምትገድፉት ሩዙ በቅቤ ሲሠራ፣ የምስር ሾርባው በሥጋ መረቅ ሲበስል፣ ደበርጃኑ ላይ እርጎ ሲደረግ ነው። «ሥጋ አንበላም» ማለት አይበቃም፤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ እንቁላል የለም ተብሎ ተጽፎ ለወጥ ቤቱ ይሰጥ። ዓሣ የማይበላ ካለም ይጠቀስ።

የመጀመሪያው መቆሚያ የጌሚለር ደሴት ነው። አራት ወይም አምስት የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ አለበት፤ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ጣሪያው የተሸፈነ የሥርዓተ ጉዞ መተላለፊያም አለ። ከጠዋት የቀን ጎብኚ ጀልባ በፊት ወይም አመሻሽ ላይ ውጡ። ዳገቱ ያደክማል፣ ደሴቱ ላይ ውኃ የለም፤ ለሰው ሁለት ሊትር ይያዝ። እዚያ አድራችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መነሣት አለባችሁ፤ ቀጥሎ ያለው ሰባቱ አፍንጫዎች የሚባለው ዳርቻ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሙሉ መጠለያ የለውም፣ ነፋሱ ሳይነሣ መታለፍ አለበት። ካልካን ስትደርሱ ወደ ጳጥራ በመኪና ሂዱ። ቀጥሎ ኬኮቫ ነው፤ በመሬት መንቀጥቀጥ የሰመጠች ከተማ ግድግዳና ደረጃ ከውኃው በታች ይታያል። ከፍርስራሹ በላይ መዋኘት ክልክል ነው፣ ከመርከብ ሆናችሁ እዩት።

መጨረሻው ደምሬ፣ የጥንቷ ሙራ። በትውፊት ከ318ቱ አባቶች አንዱ የሆነው ቅዱስ ኒቆላዎስ ጳጳስ የነበረባት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የግድግዳ ሥዕልና የእርሱ ነው የሚባል የተሰበረ የድንጋይ ሣጥን አለ፤ ዐፅሙን በ1087 ዓ.ም. መርከበኞች ወደ ኢጣሊያ ባሪ ወስደውታል። (የጻፍኳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) ከዚያ ወደ አንታልያ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ሁለት ነገር በብርቱ አስጠንቅቂልኝ። ለበረከት ብሎ ከፍርስራሽ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ፣ አንዲት የሞዛይክ ፍሬ እንኳ የሚያነሣ እንዳይኖር። የቱርክ የቅርስ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ ሰውየው ይታሰራል፣ ቡድኑም ይጉላላል። ሁለተኛው፣ እነዚህ ቦታዎች ሙዚየም ናቸው። በልብ መጸለይ ማንም አይከለክልም፤ ቅዳሴ፣ ከበሮና ጽናጽል ግን አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለው ሰው እንደ አስጎብኚ ቆሞ ቢያስረዳም ይቀጣል። የንስሐ አባታችን ትምህርታቸውን ከዋዜማው ማታ መርከቡ ላይ ይስጡ፤ እዚያ የሚከለክል የለም።

ፍጥሞ የግሪክ ደሴት ስለሆነች የሼንገን ቪዛ ትጠይቃለች። አንድ ሰው እንኳ ከተከለከለ ቡድኑ ይከፈላል፤ ለብቻዋ ሌላ ዓመት አስቡባት። የቱርክን ቪዛ ደግሞ ከኤምባሲው አጣሩ እንጂ ከወኪል ወሬ አትቀበሉ። ሰዓታችን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ልዩ ስለሆነ ካፒቴኑ «8 ሰዓት» ሲል ጧት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው።

የካቲት ሳያልቅ የእያንዳንዱን ስም ልክ እንደ ፓስፖርቱ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ መድኃኒት የሚወስደውንና መዋኘት የማይችለውን ጽፈሽ ላኪልኝ። 16 ካልሞላችሁ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ባለ 6 ክፍል መርከብ እፈልጋለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጆቹን፣ የማኅበሩን አባላት በሙሉ ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ