ላስከፍል ወይስ ልስጠው ላልሽኝ

የኔ ልጅ፣

ትናንት ደውለሽ «አባዬ፣ ፕሮግራሙን ላስከፍልበት ወይስ በነፃ ልልቀቀው?» ስትይኝ ቶሎ አልመለስኩልሽም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

እኔም በአንቺ ዕድሜ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ በነፃ ለቅቄ ነበር። መጀመሪያ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ። ቆይቶ «አልሠራ አለኝ፣ ዛሬውኑ አስተካክልልኝ» የሚሉ መልእክቶች በዙ። ከሥራ ገብቼ፣ እንቅልፌን ትቼ እጠግን ነበር። በሁለተኛው ዓመት አቃተኝና ለማንም ሳልናገር ተውኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ሥራቸውን በእሱ ላይ የጣሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቢያንስ ልሰናበታቸው ይገባ ነበር።

ኦፕን ኤስኤስኤልን ታውቂዋለሽ። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች የይለፍ ቃልና የክፍያ መረጃ የሚጠብቁበት ነፃ ኮድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ በኮዱ ውስጥ ሲገኝ ሌላም ነገር አብሮ ወጣ። ያን ሁሉ ሸክም የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በዓመት የሚሰበስቡት መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ ሲጠቀሙበት፣ እያንዳንዱ ሌላው ይከፍላል ብሎ ተቀምጧል። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ነፃ ሶፍትዌር ግን የግድ ያደኸያል ማለቴ አይደለም። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄን የጀመረው ሪቻርድ ስታልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ኮዱን ለሌላ ቢገለብጥ ግን አይከለከልም። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያም ያደገው ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ ድጋፍና ጥገና እየሸጠ ነው። አይቢኤም በ2019 እ.ኤ.አ. በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ኮድሽን መስጠትና ጊዜሽን መስጠት ለየቅል ናቸው፣ ልጄ።

ያንቺው ፕሮግራም ደግሞ ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ ይፈልጋል፤ ወጪው በየወሩ ይመጣል። እንደ እኔ ከሆነ ኮዱን ክፍት አድርጊው፤ ሰርቨርሽ ላይ ለሚጠቀሙት ድርጅቶች ግን አስከፍዪ። ተማሪዎችን ተያቸው። የምታስከፍዪ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይሁን። ነፃ የለመደን ሰው ኋላ ላይ «ክፈል» ብትዪው ቃልሽን እንዳጠፍሽ ይቆጥረዋል። ኮዱን የምትለቂበትን የአጠቃቀም ፈቃድም በደንብ አንብቢ፤ አንዴ በክፍት ፈቃድ የለቀቅሽውን ኮድ መልሰሽ መሰብሰብ አትችዪም።

ሰርቨሩ በወር ስንት እንደሚፈጅ፣ ጥገናው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድብሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። እሁድ አብረን ቁጭ ብለን እናሰላዋለን።

አባትሽ