ለመስታወት ያልገበረው አበባ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ንብረት አንድ አጉሊ መነጽር፣ ሁለት ምላጭ እና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳዋ ያወጣቻት የፓውደር መስታወት ነበር። ከሁሉም በላይ ያስተማረችን መስታወቷ ናት።

ሥራ የጀመርነው መስከረም ላይ በአደይ አበባ ነው። የመጀመሪያው ጭቅጭቅ "ቅጠሉ ስድስት ነው፣ ስምንት ነው" የሚል ነበር። ሁለቱም ወገን አበባውን ይዞ መጥቶ ስለነበር ሁለቱም ልክ ሆኑ። በአጉሊ መነጽር መሃሉን ሲያዩት ግን ጭቅጭቁ ራሱ ተረሳ። አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለማ! መሃል ላይ የተጠቀጠቁት ቢጫ ነገሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ አበቦች ናቸው። ዙሪያውን ያሉት፣ እኛ ቅጠል የምንላቸውም፣ እንዲሁ። ኑግም ሱፍም እንደዚያው ነው። አንዱ ልጅ "ታዲያ ለእንቁጣጣሽ ስንት አበባ ነው የሰጠሁት?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ከዚያ በኋላ መስታወቷ ሥራ ጀመረች። አበባው መሃል ላይ ቀጥ አድርገን እናቆማታለን። ግማሹ አበባ ከምስሉ ጋር ሆኖ ሙሉ አበባ ከመሰለ፣ የሲሜትሪ መስመር አገኘን ማለት ነው። የድንች አበባ ኮከብ ስለሆነ አምስት ቦታ ላይ እሺ አለን። ከግቢው ጀርባ የተዘራው ባቄላ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ እንደ ሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል፣ ላይና ታቹ ለየቅል። ሁለቱ ክንፎቹ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ለምን እንደዚህ ሆነ? ቁጭ ብለን ንብ ጠበቅን። ንቧ ሁሌም በዚያው በር ነው የምትገባው። ክንፎቹ ላይ ስታርፍ በክብደቷ ወደ ታች ይጫናሉ፣ የአበባው ዱቄት ብቅ ብሎ ሆዷ ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ የምትሄድበት ባቄላም ያንኑ ሆድ ነው የሚነካው። እኔ ሃያ ደቂቃ ብሰብክ ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሂቢስከስ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ "አምስት ቅጠል፣ አምስት የሲሜትሪ መስመር" ብዬ ጻፍኩ። ብዙም የማያወራ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ መስታወቷን ይዞ አጥሩ ጋ ሄደ። ተመልሶ "ቲቸር፣ አንድም የለውም" አለኝ። አላመንኩትም። ሄጄ አየሁ። የሂቢስከስ እያንዳንዱ ቅጠል በአንድ ጎኑ ጎረቤቱን ይደርባል፣ በሌላው ጎኑ ይደረባል። ነፋስ እንደሚያሽከረክረው የወረቀት መጫወቻ ዙሪያውን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። መስታወት ደግሞ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ አይገጥምም። 72 ዲግሪ ብታዞሩት ግን ራሱ ላይ ልክክ ይላል። ሰሌዳዬን አጠፋሁ። የሒሳብ መምህሩ ይህን ሲሰሙ ለሁለት ሳምንት የኛ አባል ሆኑ። በነገራችን ላይ አንዱ አበባ ወደ ግራ፣ እዚያው ተክል ላይ ያለው ሌላው ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ካና ደግሞ ጭራሽ ለማንም አይገዛም። መስታወትም ማዞርም አይሆንለትም። ያ የሚያምረው ቀይ ነገር የተለወጠ የወንዴ አካል እንጂ ዋናው ቅጠሉ አይደለም፤ ዱቄት የሚሰጠውም የአንዱ ወንዴ አካል ግማሹ ብቻ ነው።

"ለአበባው ላይና ታቹን ማን ነገረው?" የሚል ጥያቄ መጣ። የፔሎሪያን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1742 እ.ኤ.አ. አንድ ተማሪ ስቶክሆልም አቅራቢያ ካለ ደሴት እንግዳ ተክል አገኘ። ዘመዶቹ ሁሉ ግራና ቀኝ ብቻ እኩል ሆነው አንድ ጭራ ሲኖራቸው፣ የሱ አበቦች አምስት ጭራ አውጥተው ዙሪያቸውን እኩል ሆነዋል። የስዊድኑ የእጽዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1744 ስለዚሁ ጻፈና ፔሎሪያ አለው፤ በግሪክ ጭራቅ እንደማለት ነው። ምክንያቱ የታወቀው በ1999 ነው። የአበባውን ላይና ታች የሚለየው ጂን፣ ማለትም ተክሉ ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ፣ ፊደሉ አልተበላሸም፤ ኬሚካል ተለጥፎበት ዝም ብሎ ነው። ልጆቹ "ማብሪያ ማጥፊያ አለው ማለት ነዋ" አሉ። እኔም አልጨመርኩበትም።

ያልተሳካልን ነገር አለ። መጽሐፍ ውስጥ ያደረቅናቸው አበቦች በዝናቡ ጊዜ ሻገቱ። በሚያዝያ የሰበሰብነው የድሬዳዋ ዛፍ አበባ፣ አራት ቀይና አንድ ዥንጉርጉር ቅጠል ያለው፣ አብሮ ሄደ።

የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ በመስከረም "አበባ ቀጣፊዎች!" እያሉ ያባርሩን ነበር። የወደቀ ብቻ እንደምናነሳ፣ ከተክል ላይ አንድ ብቻ እንደምንወስድ ቃል ገባንላቸው። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ደወሉልኝ። "ስድስት ቅጠል ያለው ሂቢስከስ ወጥቷል፣ ማንም እንዳይነካው ፌስታል አልብሼዋለሁ" አሉኝ። ሂቢስከስ የሚቆየው አንድ ቀን መሆኑን ልነግራቸው አልደፈርኩም። ሰኞ ጠዋት ፌስታሉን ስንከፍት እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማድዷል። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ነክረው አንድ በአንድ ፈቱት። ስድስት ነበር።