የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ክብደት በየጊዜው ይመዘን

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ9 ዓመት ሴት ልጄ የሚጥል ሕመም አለባት። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለውን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ሕመሙ ስለታገሠላት ሐኪሞቿን ከልብ አመሰግናለሁ፤ መድኃኒቱ ይቅር የሚል አሳብም የለኝም። ዳሩ ግን መድኃኒቱን ስንጀምር ማንም ያልነገረን፣ እኛም ያልጠየቅነው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የልጆቹ ክብደት ነው።

መስከረም ላይ በልኳ ያሰፋሁላት ዩኒፎርም ጥር ላይ ወገቡ አልቆለፍ አለ። እራት በልታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላት ተነሥታ በጨለማ ሞሰቡን ስትከፍት አገኛት ነበር። ጎረቤቶቼ «እሰይ፣ ፊቷ ሞላ፣ ሰውነቷ ተመለሰላት» እያሉ ሲመርቁልኝ እኔም «አሜን» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ታሞ የከረመ ልጅ ሲወፍር ድኗል ብለን ማመን ለእናቶች ቀላል ነውና። በኋላ አንዲት ዘመዴ «የሚያወፍራት መድኃኒቱ ነው» ብትለኝ ደንግጬ የማታውን ኪኒን ለ4 ቀናት አስቀረሁባት። በአምስተኛው ቀን ልጄ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ቶሎ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል እንደሚችል የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

የዚያን ቀን ያከመቻት ሐኪም ሚዛን ላይ ስታቆማት፣ መድኃኒቱን ስትጀምር 24 ኪሎ የነበረችው ልጅ በ10 ወር ውስጥ 33 ኪሎ ሆና ተገኘች። በእነዚያ 10 ወራት ልጅቷ ትምህርት ላይ ስለምትሆን እኔ ብቻዬን ካርዷን ይዤ በየወሩ መድኃኒት እወስድ ነበር፤ አንድም ጊዜ «ልጅቷን አምጫትና ትመዘን» ያለኝ ባለሙያ አላጋጠመኝም። ካርዱ ላይ ኪሎ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ባዶ ነው።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ቫልፕሮኤት የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምር ብዙ ልጆችን ያወፍራል። ቶፒራሜት የተባለው ሌላው የሚጥል ሕመም መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያከሳል፤ ላብንም ስለሚቀንስ እንደ ድሬዳዋና አፋር ባሉ ሞቃት ቦታዎች ልጁ ሰውነቱ እንዳይግል መጠበቅ ይገባል። ላሞትሪጅንና ሌቬቲራሴታም የተባሉት የዚሁ ሕመም መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ክብደትን ብዙም አይነኩም። ሴት ልጆች ለአቅመ ሔዋን ሲቃረቡ ቫልፕሮኤት ከወር አበባ መዛባትና ወደፊትም በፅንስ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ስለሚያያዝ፣ ይህም ከወላጅ ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል።

ሚዛኑ የሚያስፈልገው ለውፍረትና ለክሳት ብቻም አይደለም። የሕፃናት መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎ ተሰልቶ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚሰጠውን ፊኖባርቢታል ብንወስድ፣ 15 ኪሎ ሳለ በቀን 60 ሚሊግራም የታዘዘለት ልጅ በኪሎ 4 ሚሊግራም ያገኝ ነበር፤ አድጎ 24 ኪሎ ሲሆን ያው ኪኒን በኪሎ 2.5 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል። ሕመሙ ሲመለስበት ወላጅ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ልጁ ግን ያደገው ሳይመዘን ነው።

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጤና ጣቢያ የዕድገት ክትትል ይደረግላቸዋል። ከዚያ በላይ ያሉትና ይህን መድኃኒት ለዓመታት የሚወስዱት ግን አስታዋሽ ያጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ቢያንስ በየ3 ወሩ ልጁ ራሱ ቀርቦ እንዲመዘን፣ ኪሎውም ከነቀኑ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ፣ መድኃኒቱ ሲጀመርም ክብደት ሊለወጥ እንደሚችልና በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ መሆኑ ለወላጅ እንዲነገር እጠይቃለሁ። ሚዛኑ በየጤና ጣቢያው አለ። የሚመለከታቸው የጤና ቢሮ ኃላፊዎች በዚሁ ጋዜጣ ምላሽ እንዲሰጡን በአክብሮት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ